ቴናር የት ሄደች?

የሚወደው ተከታታይ መጽሐፍ ቀጣይ ክፍል የዘገየበት አንባቢ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ በልቡ ራሱ ይጽፈዋል። ጀግናውን ያነግሠዋል፣ ያጋባዋል፣ የተሸነፈውን ጠላት ቀስቅሶ ዳግም ያስመታዋል። ደራሲው በስተመጨረሻ ሥራውን ይዞ ብቅ ሲል መጽሐፉ የሚመዘነው ቀድሞ ከታተሙት ክፍሎች ጋር ብቻ አይደለም፤ አንባቢው በእነዚያ ዓመታት በውስጡ ከጻፈው ጋርም ነው። በልጆች ምናባዊ ልብ ወለድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ መጠበቅ የጀመረው ልጅ መጽሐፉ እጁ ሲገባ ልጅ አይደለምና።

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የከረረው አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለጉዊን በ1990 ያሳተሙት «ተሃኑ» ነው (በዚህ ሐተታ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ኧርዝሲ» ስለተባለው የደሴቶች ዓለም የሚተርከው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1968፣ ሁለተኛው በ1971፣ ሦስተኛው በ1972 ወጡ። ሦስተኛው በማግስቱ ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በልጆች ዘርፍ አገኘ። ከዚያ በኋላ ለጉዊን ሌላ ብዙ ጻፉ፤ የኧርዝሲ ነገር ግን ተዘጋ። አራተኛው ሲመጣ 18 ዓመት አልፎ ነበር። መጽሐፉ ኔቡላ የተባለውን የደራሲያን ሽልማት ወሰደ፤ ከቀድሞ አንባቢዎቹ መካከል ግን ብዙዎችን አስቀየመ። ተከታታዩ በሦስተኛው መጽሐፍ አብቅቷል ብለው የቆረጡ ዛሬም አሉ። በእኔ እምነት ያ ቅያሜ ስለ ደራሲዋ ከሚነግረን ይልቅ ስለ አንባቢዎቹ የሚነግረን ይበልጣል።

ነገሩ የተጀመረው ፓርናሰስ ፕሬስ የተባለ የካሊፎርኒያ አነስተኛ አሳታሚ ለጉዊንን ለታዳጊዎች የሚሆን መጽሐፍ እንዲጽፉለት በጠየቃቸው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጽፉት ለአዋቂ ነበር። ስለ አስማተኞች ሲያስቡ አንድ ነገር ከነከናቸው፦ በተረት ውስጥ ያሉት አስማተኞች ሁሉ ጺማቸው የነጣ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሽማግሌ ሆነው ግን አልተወለዱም። ልጅ ሳሉ ምን ነበሩ? ሙያውንስ የት ተማሩት? ከዚህ ጥያቄ «የኧርዝሲው አስማተኛ» ወጣ። የአስማት ትምህርት ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በ1997 የጀመረውን ሃሪ ፖተርን ነው፤ በሮክ ደሴት ላይ የቆመው የለጉዊን ትምህርት ቤት ግን በ29 ዓመት ይቀድመዋል።

በኧርዝሲ አስማት ማለት ስም ማወቅ ነው። ድንጋዩም፣ ጭልፊቱም፣ ሰውም ከዕለት መጠሪያው ሌላ እውነተኛ ስም አለው፤ ያን ስም ያወቀ በባለቤቱ ላይ ሥልጣን ያገኛል። ስለዚህ ማንም እውነተኛ ስሙን የሚሰጠው ለሚያምነው ብቻ ነው። የክርስትና ስሙን ለማያውቀው ሰው መንገር የማይወድ፣ ስሜን ይዘው ይደግሙብኛል ብሎ የሚጠነቀቅ ሰው ባለበት ቤት ያደገ ኢትዮጵያዊ ወደዚህ ዓለም ለመግባት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ጀግና ጌድ ይባላል፤ በጎንት ደሴት ፍየል የሚጠብቅ፣ እናቱ የሞተችበት የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ተሰጥኦው ሮክ ያደርሰዋል፤ እዚያም በእልህና በትዕቢት የጠራው ጥላ ይለቅበትና ከደሴት ደሴት ያሳድደዋል፤ በመጨረሻ ዞሮ ራሱ አሳዳጅ ይሆናል። ሁለተኛው፣ «የአቱዋን መቃብሮች»፣ የቴናር መጽሐፍ ነው። ቴናር ገና ሕፃን ሳለች ከወላጆቿ ተነጥላ፣ ስሟን ተነጥቃ፣ በበረሃ መሃል ባለ የመቃብር ስፍራ ለጨለማ ኃይሎች ካህን ተደርጋ ታድጋለች። ጌድ የተሰበረውን የሰላም ቀለበት እኩሌታ ፍለጋ ወደ ከርሰ ምድሩ ሲገባ ትይዘዋለች። የመግደል ሥልጣን በእጇ ነው፤ ግን አትገድለውም። እርሱ ስሟን ይመልስላታል፣ እርሷ መውጫውን ታሳየዋለች። አብረው አምልጠው ቀለበቱን ይዘው ታላቋ ከተማ ሃቭኖር ሲገቡ ሕዝቡ በእልልታ ይቀበላቸዋል፤ መጽሐፉም እዚያ ያበቃል።

ሦስተኛው፣ «የመጨረሻው ዳርቻ»፣ ጌድን ጎልምሶ፣ የአስማተኞች ሁሉ አለቃ ሆኖ ያሳየናል። አስማት ከዓለም እየተነነ ነው። ጌድ አንድ ወጣት ልዑል አስከትሎ እስከ ሙታን ምድር ይወርዳል፤ የተከፈተውን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ሲዘጋው ግን ኃይሉ ሁሉ ይፈስሳል። ካሌሲን የተባለው ጥንታዊ ዘንዶ ሁለቱን በጀርባው ጭኖ ወደ ሮክ ይመልሳቸዋል። ጌድ ነገ ንጉሥ ለሚሆነው ወጣት ተንበርክኮ እጅ ይነሣና በዘንዶው ጀርባ ወደ ትውልድ ደሴቱ ይበራል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ደራሲዋ ሆን ብለው ክፍት ተዉት። አንዱ ወሬ ለንግሥናው በዓል መጥቶ ነበር፣ ከዚያ በትንሿ ጀልባው ብቻውን ወደ ምዕራብ ቀዘፈ ይላል። የጎንት ሰዎች ደግሞ ንጉሡ ራሱ ሊፈልገው መጥቶ አጣው፣ ጌድ በእግሩ ወደ ተራራው ጫካ ገብቶ ነበር ይላሉ።

ሁለቱም ፍጻሜዎች ያምራሉ። በ1972 ዓመቱ 12 የነበረ ልጅ በዚያ ክፍት በር ገብቶ የፈለገውን ያህል ሊሄድ ይችል ነበር። ጌድ ኃይሉ ተመልሶለት እንደሆነ፣ ከዘንዶዎች ጋር እየኖረ እንደሆነ፣ አንድ ቀን ንጉሡ ሲጨንቀው ከጫካው ብቅ እንደሚል ያስባል። ያ ልጅ በ1990 ዓመቱ 30 ሆኖ «የኧርዝሲ የመጨረሻው መጽሐፍ» የሚል ንዑስ ርዕስ ያለውን ልብ ወለድ ገዝቶ ከፈተ።

ያገኘው በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች የገበሬ ሚስት ናት፤ ባሏ ሞቶባታል። ቴናር ናት። ከጌድ ጋር ሃቭኖር ከገባች በኋላ ጎንት መጥታ፣ በጌድ የቀድሞ መምህር በኦጊየን ቤት ትንሽ ተቀምጣ፣ ከዚያ አግብታ፣ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ቤት ስታስተዳድር ኖራለች። አሁን የምታሳድገው የራሷ ያልሆነች ሕፃን ልጅ አለች፤ የገዛ ሰዎቿ ደብድበው፣ ደፍረው፣ እሳት ውስጥ ጥለዋት ሄደዋል። ፊቷ በአንድ ወገን ተቃጥሎ ዓይኗ ጠፍቷል፤ አንድ እጇ ተጨማዶ ቀርቷል። ጌድም ይመጣል፤ ዘንዶው ያመጣዋል። የሚመጣው ግን ሊሞት ጥቂት የቀረው፣ የሚታጠበውና የሚጎርሰው በሰው እጅ የሆነ ሕመምተኛ ሆኖ ነው። ሲያገግምም ጀግና አይሆንም። ያለቅሳል፣ ያፍራል። የንጉሡ መልእክተኞች ለዘውድ በዓሉ ሊወስዱት መርከብ ይዘው ሲመጡ ይደበቃቸዋል፤ ከዚያም ስሙን ሸሽጎ ተራራ ወጥቶ ፍየል ይጠብቃል። ክረምት ላይ ሌሊት ወንዶች የቴናርን ቤት ሰብረው ሊገቡ ሲመጡ የሚደርስላት በትሩን ይዞ አይደለም፤ የያዘው የገለባ መንሽ ነው።

ቅያሜው ከዚህ ተነሣ። ጌድን አዋረደችው ያሉ ብዙ ነበሩ። በሙታን ምድር የሄደውን ሰው ለምን እንዲህ አድርጋ ትሰብረዋለች? ወንዶችን ለመቅጣት ነው፣ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ የተቀበለችውን የሴቶች መብት አስተሳሰብ በድሮ ታሪክ ላይ በግድ ጫነችው ያሉም ነበሩ። ሌሎች ጉዞ የለም፣ ባሕር የለም፣ ፍልሚያ የለም፤ ፍየል አለባ፣ ወጥ ቤትና ሐሜት ነው የሞላው ብለው ተማረሩ። የልጆች መጽሐፍ አይደለም ያሉት ደግሞ በዚያች በተቃጠለች ልጅ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ዕድሜ ልካቸውን ይህን መጽሐፍ ሲጠብቁ እንደኖሩ የተሰማቸው፣ በተለይ ሴት አንባቢዎች፣ ጥቂት አልነበሩም። በአፍላነታቸው አንብበው ወርውረውት፣ አርባ ሲሞላቸው ዳግም አንሥተው ከአራቱ ሁሉ ያስበለጡትም አሉ።

እኔ የተቀየሙትን ንቄ ማለፍ አልፈልግም። ሰው ባልወደደው መጽሐፍ ተከታይ አይቀየምም። 18 ዓመት አንድን ገጸ ባሕርይ በልቡ ይዞ የኖረ ሰው ሲከፋው የከፋው ስለሚወድ ነው፤ ቅሬታውም መደመጥ ይገባዋል። ነገር ግን የቅሬታውን ቃላት ልብ ብለን ብናይ ሁሉም የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ጌድ ምን ሆነ? ይህን ነበር ሲጠይቁ የኖሩት። ለጉዊን ይዘው የመጡት ግን ለሌላ ጥያቄ መልስ ነው፤ ማንም ለማለት ይቻላል ያልጠየቀው ጥያቄ። ቴናር የት ሄደች?

እስቲ ሦስቱን መጻሕፍት ከዚህ ጥያቄ ጋር መለስ ብለን እንያቸው። ሁለተኛው መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ የእርሷ ነው። ከጨለማ የወጣችው በራሷ ውሳኔ ነው። ለዘመናት የተሰበረውን ቀለበት ይዛ ከተማ የገባችውም እርሷ ናት። በሦስተኛው መጽሐፍ ግን ስሟ አልፎ አልፎ ከመነሣቱ በቀር የለችም። ጌድ የአስማተኞች አለቃ ሆኗል፤ ልዑሉ ንጉሥ ይሆናል፤ ዘንዶዎች ይበራሉ፤ ከመቃብር የወጣችው ልጅ ግን የት እንደገባች አይነገርም። መጽሐፉ ሽልማት ወሰደ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች አነበቡት፤ ጉድለቱን ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። እኔም ስለ ተከታታዩ ብዙ አንብቤ፣ ከ«ተሃኑ» በፊት ይህን ጥያቄ አጥብቆ የጠየቀ ሰው እምብዛም አላገኘሁም።

ከዚያም ወደ ኋላ ሲኬድ ሌላ ነገር ይታያል። ለጌድ የመጀመሪያውን አስማታዊ ቃል ያስተማረችው ሴት ናት። የመንደሩ አስማተኛ አክስቱ ናት፤ ፍየሎቹን የሚጠራበትን ቃል ከእርሷ አፍ ነው የሰማው። ታሪኩ ግን በጥቂት ገጾች ይጨርሳትና ወደ ታላላቆቹ ወንዶች ያልፋል፤ ስሟን እንኳን አናውቅም። በዚያው መጽሐፍ የሴትን አስማት ደካማም ክፉም አድርጎ የሚያነውር የጎንት አባባል ይጠቀሳል። የሮክ ትምህርት ቤት ሴት ልጅ አይቀበልም፤ ለምን እንደማይቀበልም ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ «ተሃኑ» ላይ ከውጭ የመጣ አስተሳሰብ ተጭኗል የሚለው ክስ አይጸናም። ነገሩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እዚያው ነበር። አራተኛው መጽሐፍ ያደረገው ያንን አባባል ከሚነገርባት ሴት ወገን ሆኖ መስማት ነው፤ ሞስ የተባለችው ያልታጠበች፣ ለፍላፊ የመንደር አስማተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብላ ስለ ሴት ኃይልና ስለ ወንድ ኃይል የምታስበውን ስትናገር እንሰማታለን።

በመጽሐፉ ውስጥ ይህንኑ የአንባቢውን አለማየት የሚያሳይ አንድ ትዕይንት አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያስደንቀኛል። ጌድ ከሄደ በኋላ የሮክ መምህራን አዲስ አለቃ ለመምረጥ ተሰብስበው ሳይስማሙ ቀርተዋል። ያገኙት ፍንጭ አንድ ብቻ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ በራእይ በጎንት ስላለች አንዲት ሴት ተናግሯል። ከመምህራኑ አንዱ ከንጉሡ ጋር በመርከብ ጎንት ድረስ መጥቶ ይህን ለቴናር ያጫውታታል። ሴት አለቃ ልትሆን እንደማትችል ለእርሱ የታወቀ ነገር ነው፤ ስለዚህ ራእዩ ወደ አንድ ወንድ የምትመራቸውን ሴት ያመለክታል ብሎ ነው የሚፈልገው። የሚፈልጋት ሴት ቴናር ትሁን፣ በቴናር ጉያ የተሸሸገችው የተቃጠለችው ልጅ ትሁን፣ ሁለቱም ያሉት እዚያው አጠገቡ ነው። መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው፤ ግን የሚያየው ሊያይ የጠበቀውን ነው።

ይህ ዓይነቱ አለማየት በኧርዝሲ አንባቢዎች ዘንድ ብቻውን የመጣ አይደለም። ጌድ ቆዳው የመዳብ መልክ ያለው ቡናማ ነው። የልብ ጓደኛው ጥቁር ነው። የደሴቶቹ ሕዝብ አብዛኛው እንደዚሁ ጠይም ወይም ጥቁር ሲሆን ነጮቹ የቴናር ወገኖች ናቸው። ለጉዊን ይህን ያደረጉት አስበውበት ነው፤ በዚያ ዘመን የምናባዊ ልብ ወለድ ጀግና ነጭ ካልሆነ የማይታሰብ ነበርና። ሆኖም አሳታሚዎች ለዓመታት ሽፋኑ ላይ ነጭ ጌድ ሲሥሉ ኖሩ። በ2004 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀረበው ተከታታይ ፊልም ጌድን ነጭ አድርጎት መጣ፤ ለጉዊንም በአደባባይ ጽፈው ተቃወሙ። በመጽሐፉ ላይ በግልጽ ተጽፎ ሳለ ጌድን ነጭ አድርገው ሲያስቡ የኖሩ አንባቢዎችም ሞልተዋል። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች እነዚህን መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ሲያገኙ ቶሎ የሚያስተውሉት ምናልባት ይህንኑ ይሆናል፤ ለእነርሱ የጌድ መልክ ተራ ነገር አይደለም። መልኩን ያላየ አንባቢ የቴናርን መጥፋትም ባያይ አይገርምም፤ ሁለቱንም የሸፈነው ልማድ አንድ ነው።

የጊዜውም ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የጆአን ራውሊንግን መጻሕፍት ያነበበ ትውልድ ከጀግናው ጋር እያደገ ነው የሄደው። አምስተኛው ሃሪ ፖተር ከሦስት ዓመት ጥበቃ በኋላ በሰኔ 2003 ሲወጣ ጀግናው የ15 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ፣ በሁሉም ላይ እየጮኸ፣ እየተቆጣ መጣ፤ ሃሪ በጣም ነጭናጫ ሆነ ያሉ ብዙ ነበሩ። ቢሆንም በ10 ዓመቱ የጀመረው አንባቢም ያኔ ራሱ ጎረምሳ ነበር። በኧርዝሲ ግን የሆነው ሌላ ነው። «ተሃኑ» የሚጀምረው ሦስተኛው መጽሐፍ ገና ሳያልቅ ነው፤ ጌድ በዘንዶ ጀርባ ከሮክ ተነሥቶ ጎንት እስኪደርስ ያለፈው የአንድ በረራ ጊዜ ነው። አንባቢው በዚያች በረራ መካከል ትምህርቱን ጨርሷል፣ ሥራ ይዟል፣ አግብቷል፣ ምናልባት ወላጅ ቀብሯል። ጌድ አንድ ቀን አልጨመረም። ይህን ያህል ርቀት ሄዶ የተመለሰ ሰው ቤቱን እንደተወው ማግኘት ይፈልጋል። አሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ የነበረውን ስሜት ነው የሚፈልገው፤ እርሱን ደግሞ ማንም ደራሲ ሊመልስለት አይችልም።

ለጉዊንም ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። ከሦስተኛው መጽሐፍ በኋላ የቴናርን ታሪክ መጻፍ እንደጀመሩና እንዳልሄደላቸው ኋላ ተናግረዋል። እንዲህ ያለች ልጅ ለምን ታላቅ ጠቢብ ሳትሆን ገበሬ አግብታ ልጅ ወልዳ ተቀመጠች የሚለው አልፈታ ብሏቸው ተዉት። በ1992 ኦክስፎርድ ላይ በሰጡት ንግግር እንደገለጹት የጀግና ታሪክ ለረዥም ዘመን የወንድ ታሪክ ሆኖ ስለኖረ እርሳቸውም የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት በዚያው መስመር ነበር የጻፉት። የድሮውን ግን አልሰረዙም፣ አልከለሱም። እዚያው ደሴት ላይ ቆመው በሌላ በኩል አዩት። አንድ የ60 ዓመት ደራሲ የታወቁበትንና የተወደዱበትን ሥራ እንዲህ መልሰው መፈተናቸው ለእኔ በጣም የሚከበር ድፍረት ነው።

የልጆች መጽሐፍ አይደለም ለሚለው ግን ቀላል መልስ የለም። የተቃጠለችዋ ልጅ የቴሩ ነገር ለአዋቂም ይከብዳል። ደራሲዋ ቁስሏን በአስማት አያድኑትም፤ ታላቁ ኦጊየንም፣ ጌድም ሊያድኗት አይችሉም። ለአቅመ ንባብ ገና ለደረሰ ልጅ ብቻውን እንዲያነበው አልሰጠውም። ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ ግን እሰጠዋለሁ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በክፍሉ፣ በሰፈሩ የተጎዳ ልጅ ያውቃል፤ አንዳንዱ ራሱ የተጎዳው ነው። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ የተጎዳ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጀግናው የሚያድነው፣ ከዚያም የሚረሳ ነው። እዚህ ግን ቴሩ ለጎብኚ ፊቷን ስትሰውር፣ ሰዎች ሲያዩዋት ዓይናቸውን ሲያሸሹ፣ ቴናርም የራሷን መሳቀቅ ስትታገል ገጽ በገጽ እናያለን። መጨረሻ ላይ ቴናርና ጌድ በክፉው አስማተኛ እጅ ወድቀው ገደል አፋፍ ላይ ሲቆሙ የሚደርስላቸው ንጉሥ ወይም የሮክ መምህር አይደለም። ልጅቷ ናት ዘንዶውን በስሙ የጠራችው።

ያ መጨረሻ ግን ጥድፊያ አለበት፤ እዚህ ላይ ቅሬታ ካሰሙት ጋር ነኝ። መጽሐፉ ለወራት የሚሆን ኑሮ በዝግታ ሲተርክ ቆይቶ ክፉውን ሰው በጥቂት ገጾች ያመጣዋል፣ በዘንዶ እሳት ይጨርሰዋል። አስፐን የተባለው ያ አስማተኛ ከጥላቻ በቀር ምንም የለውም፤ ለጉዊን ለሌሎች ሁሉ የሰጡትን ውስጣዊ ሕይወት ለእርሱ ነፍገውታል። ቴናር ላይ የሚያደርሰው ውርደትም ሲነበብ ያማል፤ ያን ያህል መሄድ ነበረበት ወይ የሚለውን ጥያቄ አሁንም ልመልሰው አልቻልኩም።

እንዲህ ያለው ክርክር በእኛ ዘመንም ተደግሟል። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ፑልማን በ1995 «የሰሜን ብርሃናት» ብለው የጀመሩት ተከታታይ በ2000 በሦስተኛው መጽሐፍ ሲያልቅ ላይራ የተባለችው ልጅ ከምትወደው ልጅ ጋር ለዘለዓለም ተለያይታ ነበር። ሁለቱ በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ እያንዳንዳቸው በየዓለማቸው፣ በኦክስፎርድ የዕፀዋት ሥፍራ አግዳሚ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይስማማሉ፤ አንባቢዎችም ያን ወንበር አግኝተው የሁለቱን ስም ቀርጸውበታል። በ2019 ላይራ የ20 ዓመት ተማሪ ሆና ስትመለስ ነፍሷ ከሆነው፣ በእንስሳ መልክ አብሯት ከሚኖረው ፓንታላይሞን ጋር ተኮራርፋ፣ አንነጋገርም ተባብለው ነው ያገኘናት። ብዙዎች አዘኑ። መጽሐፉ በእንጥልጥል ቆሞ የመጨረሻው ክፍል እስከ ጥቅምት 2025 ድረስ ስድስት ዓመት አስጠበቃቸው።

እዚህ ላይ የተሰማውን ቅሬታ ሁሉ ከልጅነት ናፍቆት ጋር መደመር ስህተት ይሆናል። ላይራ ስለምን እንዲህ ደረቀች የሚለው እንደ ጌድ ነገር ነው፤ ያደገ ሰው ያልተቆራረሰ ጀግና ሲፈልግ የሚሰማው ቅሬታ ነው። ሕፃን ሳለች የታደጋትና ኋላ መምህሯ የነበረው ማልኮም እንደ ሴት ሲያያት፣ ወይም ባቡር ላይ ወታደሮች ሲያጠቋት የተቃወሙት ግን የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ልጅነት አይደለም። ደራሲው ለዚያች ወጣት ያደረጉት ጥንቃቄ በቂ ነው ወይ ብለው ነው የጠየቁት። ይህ ጥያቄ ለጉዊን በቴናር ጉዳይ ራሳቸውን ከጠየቁት ጋር ይዛመዳል፤ ከታሪኩ ውጭ ሳይሆን ከታሪኩ ውስጥ ካለችው ሴት ወገን የሚነሣ ነው። ስለዚህ አንድ ተከታይ መጽሐፍ ሲያስቆጣ ቁጣው ለማን ተቆርቁሮ እንደሆነ መለየት ያሻል፤ ለገጸ ባሕርይዋ ነው ወይስ አንባቢው ለራሱ ላስቀመጣት ምስል?

«ተሃኑ»ም የመጨረሻው ሳይሆን ቀረ። ለጉዊን በ2001 ሁለት መጻሕፍት ጨመሩ፤ የመጨረሻ ያልኩት ስህተት ነበር ሲሉም ጻፉ። ከአዲሶቹ ታሪኮች በአንዱ የሮክ ትምህርት ቤት ሲቆረቆር ከመሥራቾቹ መካከል ሴቶች እንደነበሩና ኋላ እንደተገፉ ይተረካል። ይህም እንደገና አጨቃጨቀ፤ የድሮውን ታሪክ ገለበጠችው የሚሉ ተነሡ። በዚያን ጊዜ ግን በ«ተሃኑ» ያደጉ አዲስ አንባቢዎች ስለነበሩ ጭቅጭቁ እንደ 1990ው አልሆነም። ለጉዊን በጥር 2018 በ88 ዓመታቸው አረፉ፤ የጌድን የመጨረሻ ቀን የሚተርከው አጭር ታሪካቸው በዚያው ዓመት ታተመ። እዚያም ጌድ ኃይሉ አልተመለሰለትም፤ አጠገቡ ያለችው ቴናር ናት።

በዚያው በ2018 የኧርዝሲ መጻሕፍት በሙሉ በቻርልስ ቬስ ሥዕሎች ታጅበው በአንድ ትልቅ ጥራዝ ወጡ። ዛሬ ይህን ተከታታይ የሚጀምር የ13 ዓመት ልጅ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው የሚያልፈው አንድ ቅጠል በመግለጥ ነው። ጌድን በልቡ የሚያነግሥበት 18 ዓመት የለውም። ቴናርንም ለመርሳት ጊዜ አያገኝም፤ ሃቭኖር ከተማ ስትገባ ያያት ባለፈው ሳምንት ነው። ሦስተኛውን መጽሐፍ ሲያነብ ስሟን እየጠበቀ፣ የት ሄደች ብሎ እናቱን ወይም ወንድሙን እየጠየቀ እንደሚያነብ እገምታለሁ፤ «ተሃኑ»ን ሲከፍትም የሚያገኘው ለጠየቀው ጥያቄ መልስ ነው።